ወርቅ ላበደረ ጠጠር

መቼም በዚህ አገር ከመሬት በላይ ያለው ነገር በተወደደ ቁጥር፣ ከመሬት በታች አለ ስለሚባለው ነገር የሚወራው ወሬ ይበዛል። ጤፍ ሲጨምር የተቀበረ ወርቅ ይወራል። የቤት ኪራይ ሲጨምር ደግሞ የጣሊያን ካርታ ይወጣል። “ጣሊያን ሲሸሽ የቀበረው አለ፤ ካርታው እጄ ላይ ነው፤ የጎደለኝ ማሽኑ ብቻ ነው” የሚል ሰው ገጥሞት የማያውቅ የጎንደር ሰው ካለ፣ እሱ ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ካርታውን የያዘው ሰውዬ ለምን ራሱ ቆፍሮ እንደማያወጣው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው ያስቀይማላ!

የአክስቴ ልጅ በ2010 ዓ.ም. ወርቅ ፈላጊ የሆነው እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ ነው። የሚኖረው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ለማታውቋት፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄዱ ኮሶዬን አልፋችሁ የምታገኟት፣ ብርዷ አጥንት የሚገባ፣ ገብስና ድንች የማይጠፋባት የወገራ ከተማ ናት። ልጁ አሥረኛ ክፍልን ተፈትኖ ውጤት አልመጣለትም። ድንች ነገደ፣ ባጃጅ ነዳ፣ ጎንደር ወርዶ ቀን ሥራ ሠራ። በመጨረሻ ከመተማ በኩል የመጣ አንድ ደላላ፣ “ከሱዳን የወጣ፣ ስንቱን ሀብታም ያደረገ” ያለውን አሮጌ የወርቅ ማሽን በ40 ሺህ ብር ሸጠለት።

ከሱዳን መምጣቱስ እውነት ሊሆን ይችላል። ደቡብ ሱዳን በ2011 እ.ኤ.አ. ስትገነጠል ሱዳን አብዛኛውን የነዳጅ ገቢዋን አጥታለች። በዚያው ሰሞን ቁጥር ስፍር የሌለው ሰው ማሽን እየያዘ ወደ በረሃ ወጥቷል። በኋላም ማሽኖቹ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ድንበር ተሻገሩ። እኔን ያሳሰበኝ ግን የማሽኑ አመጣጥ አይደለም፤ የገንዘቡ ነው። ከ40 ሺሁ ብር ትልቁ ድርሻ የወጣው ከእናቱ ጣትና አንገት ነበር። አክስቴ የጋብቻ ቀለበታቸውንና ከእናታቸው የወረሱትን የአንገት ወርቅ ከሳጥን አውጥተው፣ “ውሰድ፤ ስታገኝ ትመልስልኛለህ” ብለው ሰጡት። ወርቅ ተሸጦ የወርቅ መፈለጊያ ተገዛ ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ስልክ ደወለልኝ። “ጋሼ፣ ማሽኑ አልበራ አለኝ።” በወጣትነቴ የሬድዮ ጥገና ተምሬ ጥቂት ጊዜ ሠርቼበታለሁ። በዘመዶቼ ዘንድ ይህ ማለት ከቴሌቪዥን እስከ አውሮፕላን የሚያቅተኝ ነገር የለም ማለት ነው። ለጥምቀት ጎንደር ስወጣ ቴስተሬን ይዤ አምባ ጊዮርጊስ ገባሁ።

ማሽኑ የአውስትራሊያው ማይንላብ ውጤት ነው። ኤስዲ የሚባለው ዝርያ በ1995 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲውል የወርቅ ፈላጊውን ዓለም ያስደነቀ ነበር። እንደ ዛሬዎቹ በሊትየም ባትሪ አይሠራም። ባለ 6 ቮልት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በጀርባ ታዝሎ፣ ከዚያ በሽቦ ወደ ማሽኑ ይመጣል። የዚህ ዓይነት ባትሪ ሲሞላ፣ ሥራ ላይ ሳይሆን፣ 6.4 ቮልት ገደማ ያሳያል። የልጁን ብለካው 4.1 አለኝ። ባትሪው ሞቷል። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ለወራት ከተቀመጠ ውስጡ ይጨቀይና ቢሞሉትም አይዝም። ደላላው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ይሆን? እንጃ!

እዚያ የተሰበሰቡት ጎረምሶች መላ አላጡም። አንዱ “የባጃጅ ባትሪ እናምጣ” አለ። የባጃጅ ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ እጥፍ። ያንን ቢሰኩት ማሽኑ አንድ ጊዜ ብቻ ይበራና ከነጭራሹ ይገላገል ነበር። ሌላው የስልክ ባትሪ ሁለት አጋጥመን እንቀጥል አለ። ሁለት የሊትየም ባትሪ ሲቀጣጠል ሙሉው 8.4 ቮልት ይደርሳል፤ መሀል ላይ ቮልት የሚያወርድ ነገር ከሌለ እሱም ለ6 ቮልት ማሽን አይሆንም። ሦስተኛው አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ አመጣ። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ አንዱ ድንጋይ 1.5፣ አራቱ 6 ቮልት። ማሽኑም በራ! ጭብጨባው ቀለጠ። ግን እንዲህ ያለ ማሽን ጉልበት ይበላል። ብዙ ሳይቆይ ድንጋዮቹ ደከሙና ድምፁ ይንተፋተፍ ጀመር። አንዱ ልጅ ድንጋዮቹን ወስዶ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። አይ አገሬ! አባቶቻችን ለሬድዮ ዜና ያሰጡትን ድንጋይ ልጆቻቸው ለወርቅ አሰጡት።

መፍትሔው ጎንደር ገበያ ተገኘ። መብራት ሲጠፋ የምንለኩሰው፣ ቻርጅ የሚደረገው የእጅ መብራት ሆዱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ባለ 6 ቮልት ድፍን የእርሳስ ባትሪ አለው። ያንኑ ለብቻው ገዝተን፣ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን በቴስተር ለይተን፣ መሀል ላይ ፊውዝ አስገብተን በየድነው። ሲሞላም ከጣሪያው ሶላር በቀጥታ እንዳይሰካው አስጠነቀቅሁት፤ እንዲህ ያለው ባትሪ ሲሞላ 7.2 ቮልት ገደማ ይበቃዋል። ደግሞ ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ በአምባ ጊዮርጊስ የጥር ጠዋት ባትሪም እንደ ሰው ጋቢ ይፈልጋል። ልጁ ምክሬን በቃል ወስዶ ባትሪውን ጋቢው ውስጥ ታቅፎ ይዞር ጀመር።

ማብራት ግን ትንሹ ሥራ ነው። ትልቁ መቃኘት ነው። መቃኘት ያልኩት በከንቱ አይደለም። ማሲንቆ ያልተቃኘ እንደሆነ አዝማሪው የቱንም ያህል ቢችል ጩኸት ብቻ ነው የሚወጣው። ይህም ማሽን እንደዚያው ነው። ምጣድ የመሰለው ክብ ራሱ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ ኮይል ይሉታል። በዚያ ሽቦ ኤሌክትሪክ እየተቆራረጠ ይላካል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ በአቅራቢያው ያለ ብረታ ብረት ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዙረት ይነሳና ይሞታል። ማሽኑ የሚያዳምጠው ያንን አሟሟት ነው።

አቃኛኘቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማውን መነሻ ድምፅ እንደ ትንኝ ቀጭን እስኪሆን ታወርዱታላችሁ። ከጠፋ ትንሿ ወርቅ አትሰማም፤ ከጮኸም ትንሿ ወርቅ ትዋጣለች። ቀጥሎ ብረት የሌለበት ቦታ ፈልጋችሁ ኮይሉን ወደ መሬት ዝቅ ከፍ እያደረጋችሁ፣ ድምፁ ሳይለዋወጥ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ቁልፉን ታዞራላችሁ። ይህ ማሽኑን “ይህን አፈር እወቀውና ስለ እሱ ዝም በል” ብሎ ማስተማር ነው። አፈሩ በተቀየረ ቁጥር ትምህርቱ እንደገና ይሰጣል። አፈሩ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ የመስማት ኃይሉን ከፍ ሳይሆን ዝቅ ማድረግ ነው የሚሻለው፤ ሁሉን የሚሰማ ጆሮ ምንም አይለይምና። ከኤሌክትሪክ መስመር ራቁ፤ ሞባይላችሁን አጥፉ። ሽቦው ሲነቃነቅ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ያገኛችሁት የተቆረጠ ሽቦ እንጂ ወርቅ አይደለም።

ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ መፈተሻ ወርቅ አስፈለገን። ጉድ እኮ ነው! ከቤቱ የነበረው ወርቅ ማሽኑን ሊገዛ ሄዷል። ጎረቤት ጠየቅን፤ “ለማሽን ሙከራ” ብሎ ጉትቻዋን የሚያውስ ሴት አልተገኘም። እውነታቸውን ነው። በኋላ አንድ ሽማግሌ ከድሮ ጥይት የወጣች ትንሽ እርሳስ ሰጡን። እርሳስ በማሽን ጆሮ ለወርቅ የቀረበ ድምፅ ስለሚሰጥ ወርቅ ፈላጊዎች በየአገሩ ይጠቀሙበታል። ስንዝር ጥልቀት ቀበርናት፤ ማሽኑ ጥርት ባለ ድምፅ አገኛት። የልጁን ፊት ማየት ነበር! የወርቅ መፈተሻችን ጥይት መሆኑን ግን ከእኔ በቀር ልብ ያለው አልነበረም።

በማግሥቱ ከከተማው ወጣ ብለን ወደ አንድ ወንዝ ዳር ወረድን። ማሽኑ ጮኸ። ቆፈርን፤ ቡጢ የምታክል ጥቁር ድንጋይ። ወረወርናት። አሁንም ጮኸ፤ አሁንም ጥቁር ድንጋይ። እንዲህ እያልን ጠዋቱን ድንጋይ ስንለቅም አረፈድን። ድንጋዩ ለምን እንደሚጮህ ምሥጢር የለውም። የወገራና የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከምድር ሆድ እየወጣ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ የከመራቸው ናቸው። ባዝልት የሚባለው ይህ ጥቁር ድንጋይ በውስጡ ብናኝ የብረት ማዕድን አለው፤ ሲበሰብስ የሚሆነው ቀይ አፈርም እንደዚሁ። ፈንጂ አምካኞችም ሳይቀሩ በባዝልት አገር መሣሪያቸው ያስቸግራቸዋል።

ወርቁስ? ወርቅ የሚገኝባቸው የአገራችን ዓለቶች ዕድሜያቸው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ሻኪሶና ለገደንቢ፣ አሶሳና መተከል፣ የሽሬ አካባቢ ወርቅ የሚታፈስባቸው እሳተ ገሞራው ስላልሸፈናቸው ወይም ሽፋኑ በጊዜ ብዛት ተጠርጎ ስላለቀ ነው። ወገራ ላይ ያ አሮጌ ዓለት ካለም የሚገኘው ከመቶዎችና ከሺህ ሜትሮች ባዝልት በታች ነው። የባቄላ ፍሬ የምታክል ወርቅ ከአንድ ክንድ ብዙም ከራቀች ደግሞ ይህ ማሽን አይሰማትም። ሂሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

ጎንደር ወርቅ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ ጎንደር ከስናር ጋር በሚያገናኘው መንገድ ላይ የንግድ ማዕከል ሆናለች፤ ወርቅም በገበያዋ ዞሯል። ግን ያ ወርቅ በአጋሰስ ጀርባ የመጣ እንጂ ከአፈሯ የተቆፈረ አልነበረም። ሰው ሠርቶ፣ ነግዶ፣ መንገድ አቋርጦ ነው ያመጣው።

ሳስበው ችግሩ የማሽኑ አይደለም። በ1881 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ጥይቱን ከሰውነታቸው ውስጥ የሚፈልግ መሣሪያ ሠርቶ መጥቶ ነበር። የዛሬዎቹ ማሽኖች ቅድመ አያት ማለት ነው። መሣሪያው ይሠራ ነበር። ግን ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብሎ ስላመነ ቤልን ያስፈለገው በቀኝ በኩል ነው። ፕሬዚዳንቱ ሞተው ሲታዩ ጥይቱ በግራ በኩል ተገኘ። መሣሪያ የሚያገኘው ባሉበት ቦታ ያለውን ነው፤ ቦታውን የሚመርጠው ግን ሰው ነው። ቦታውን ደላላ ከመረጠውማ...

በሦስተኛው ቀን ማሽኑ እስከዚያ ያልሰማነውን ድምፅ አሰማ። ሰፊ፣ ከባድ ድምፅ። ልጆቹ በአካፋና በዶማ ተረባረቡ። ጉልበት ያህል ሲቆፈር የዛገ ድቡልቡል ብረት ብቅ አለ። በአጠገባችን ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ዘንጋቸውን ይዘው እየሮጡ መጡና፣ “ተዉ! እናንተ ልጆች ተዉ! ከዚያ ውጡ!” አሉ። ተራቸውን ሳይጠብቁ ልጆቹን በዘንግ እየገፉ አስወጧቸው። “ይህ የጣሊያን ነው። ሳይፈነዳ የተኛ ነው” አሉ።

እርግጥም ይህ መንገድ የጦር መንገድ ነበር። ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደር ደግሞ ኅዳር 18 ቀን። አምባ ጊዮርጊስ በሁለቱ መካከል ናት። አርበኞች የተዋጉበት፣ አውሮፕላን የደበደበው አገር ነው። ጣሊያን እዚህ የቀበረው ነገር አለ ከተባለ፣ በእርግጠኝነት የቀበረው ይህንን ነው። ከዚያ ወዲህም ምድሪቱ አላረፈችም፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ጎረቤት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሷል። ማሽኑ ብረትን ከወርቅ ይለያል ቢባል እንኳ በጥልቀት ሲሆን አይታመንም። የጥይት ቀለህ ብዙ ጊዜ ናስ ነው፤ ናስና ወርቅ ለማሽን ጆሮ ቅርብ ዘመድ ናቸው። “ወርቅ ነው” ብሎ ዶማ የሚያነሳ ልጅ ምን ላይ እንደሚያሳርፈው አያውቅም። ቦታውን በድንጋይ ከበን ለፖሊስ ተናገርን። የዚያን ቀን ማታ ማንም ስለ ወርቅ አላወራም።

በማግሥቱ ግን ወሬው ተመለሰ። ያ ደላላ ደውሎ “እዚያ ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሞክሩ፤ ንዋየ ቅድሳት የተቀበረበት አለ” አላቸው። እዚህ ላይ ነው አክስቴ የተቆጡት። በሕግም ቢሆን ነገሩ ክልክል ነው። የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ይናገራል፤ የወርቅ ሥራም ፈቃድ ይፈልጋል። ቅርስ ለማግኘት ያለ ፈቃድ መቆፈርን ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያስታውቅ ያዛል። አክስቴ አዋጁን አያውቁትም። እሳቸው ያሉት አጭር ነው፦ “የእኔን ወርቅ በላህ፤ ዝም አልኩ። የታቦቱን ወርቅ ግን አትነካም።”

ልጁ ማሽኑን በዓመቱ ወደ መተከል ለሚወርዱ ሰዎች በ25 ሺህ ብር ሸጠው። ገንዘቡን ሳይነካ አምጥቶ ለእናቱ መስጠቱን ሳልመሰክርለት አላልፍም። ግን እስከዚያ ወርቅ ጨምሮ ነበር። ብሩ ያንን የሄደውን ሊመልስ አልቻለም። አክስቴ ወርቅ ቤት ገብተው ዋጋ ጠየቁና ወጡ፤ በጎች ገዙበት።

በኋላ ቤታቸው ስሄድ የጠላው ጋን ክዳን ላይ አንዲት ጥቁር ድንጋይ ተጭናለች። ከወንዙ ልጁ ይዟት የመጣ፣ በጣም የጮኸችዋ ናት አሉኝ። “ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉ የለ? ይኸው ጠጠሬ!” ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልረዘመም። ባዶ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው እያሻሹ፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

“ወርቅ ማግኘትስ ደላላው! ያለ ማሽን፣ ያለ ባትሪ፣ እንዲያው ተቀምጦ የኔን አገኘው አይደል?”